የእንጨቷን ባቡር የከፈቱ ዕለት

ሰኞ፣ ንጋት 11፡40፣ ጄኔቫ

ባቡሩ ከጄኔቫ ጣቢያ ሲነቃነቅ ሰማዩ ገና አልለየለትም። አጎቴ ጋሽ ተሰማ ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ከረባት አስረዋል። ሰባን ካለፉ ቆይተዋል። ከረባት ሲያስሩ ያየኋቸው በሚስታቸው ቀብር ቀን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ምነው ዛሬ?» አልኳቸው።

«ዛሬም ለቀብር ነው የምሄደው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ለማታውቋቸው ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ተሰማ አዲስ አበባ ውስጥ አናጢ ነበሩ። ተሰደው ዙሪክ ከገቡ በኋላ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለ አንድ መዝናኛ ፓርክ ቀጠራቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥራቸው አንዲት የእንጨት ሮለር ኮስተር መጠበቅ ነበር። ያ ሽቅብ ተጎትቶ ወጥቶ፣ ሰውን እያስጮኸ ቁልቁል የሚወረወረው ባቡር ማለቴ ነው። ዙሪኮች «አክተርባን» ይሉታል። ይህችኛዋን ግን ሠራተኛው ሁሉ «አሮጊቷ» ነበር የሚላት። ጋሼ በየማለዳው ሐዲዷን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው እየሄዱ ጣውላውን በመዶሻ ይመቱና ድምፁን ያዳምጡ ነበር። ጤነኛ እንጨት ጥርት አድርጎ ይመልሳል፤ የታመመ እንጨት ድምፁ ይደነዝዛል።

ሚስታቸው ሲያርፉ ዙሪክ ዜባህ ሰፈር ካለው ቤታቸው አንስቼ እኔና ልጄ ጋ ጄኔቫ አመጣኋቸው። ካቻምና ፓርኩ የአሮጊቷን ጣውላ አንስቶ የብረት ሐዲድ ሊያለብሳት ነው የሚል ወሬ ሲሰሙ እህል አልቀምስም አሉ። ከዜባህ እስከ ሌላኛው የከተማዋ ዳር አድሊስቪል የድሮ ወዳጆቻቸውን እየዞሩ ፔቲሽን አስፈረሙ። እኔም ፈረምኩ። ፓርኩ ሥራውን አንድ ዓመት አዘገየውና ባለፈው በጋ አሮጊቷ እንደወትሮዋ ሠራች። ጋሼ ደስታቸው ወሰን አጣ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄን ሶልያናንና ጓደኞቿን ይዘው ሄደው ከፊተኛው ወንበር አሳፈሯቸው።

ዘንድሮ ግን አልቀረላትም። የድሮ ሠራተኞች መጥተው ከእንጨቷ ለማስታወሻ ይውሰዱ የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። እኔም ከሥራ ኮንጄ ጠይቄ አብሬያቸው ወጣሁ።

ጠዋት 12፡30፣ ከሎዛን በላይ

ባቡሩ የወይን እርከኖቹን ታክኮ ሽቅብ ይወጣል። ከታች ሐይቁ ፀሐይ ነክቶት ያበራል። አንድ ፈረንሣያዊ መንገደኛ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ በፎቶ ሆኗል። እኔ በአምስት ፍራንክ የገዛሁትን ቀጭን ቡና እጠጣለሁ፤ ጋሼ ምንም አልቀመሱም።

«ብረትና እንጨት አይጋቡም» አሉ ድንገት። «እንጨት ይተነፍሳል። ብረት ምን ያውቃል?»

ጠዋት 3፡30፣ ክሎተን

ዙሪክ ስንደርስ በኤስ-ባን፣ በከተማዋ ዳርቻ ባቡር፣ ወደ ክሎተን ተሳፈርን። አየር ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላኖች ሆዳቸውን እያሳዩን ከአናታችን በላይ ያልፋሉ። ከጣቢያው ፊት ለፊት አንድ አንድ ብሬትሰል፣ ያን ጨው የተነሰነሰበት ጥምዝ ዳቦ፣ ገዝተን አውቶቡስ ውስጥ ገባን። ሹፌሩ፣ ጢማሙ ሰውዬ፣ ጋሼን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ሄር ተሰማ! አሮጊትህን እኮ ገፈፏት!»

ጋሼ ጀርመንኛውን ተረጎሙልኝና ከሹፌሩ ጀርባ ተቀመጡ። 

ረፋድ 4፡15፣ ፓርኩ

በሩን አልፈን ቀና ስል ክው አልኩ። አሮጊቷ እግሯ ብቻ ቀርቷል። በመቶ የሚቆጠሩ የጥድ ምሰሶዎችና አግዳሚዎች እንደቆሙ ናቸው፤ ጀርባዋ ግን ተልጧል። ከወዲያ በኩል በግማሿ ላይ ሰማያዊ የብረት ሐዲድ ተዘርግቷል። ለስላሳ ጉብታ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ሐዲዱ ይጠማዘዝና ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል።

«እዚህ ላይ ሰው ቁልቁል ተዘቅዝቆ ነው የሚያልፈው?» አልኩ፤ ድምፄ ከቁጥጥሬ ውጪ ወጣ።

«አዎ፣ ሁለት ጊዜ» አለችኝ የተቀበለችን ኢንጂነር። ኒና ትባላለች፤ ሠላሳም አይሞላት። ከእኔ ጋር በትምህርት ቤት ፈረንሣይኛዋ፣ ከጋሼ ጋር በጀርመንኛ ታወራለች። የራስ ቁር ሰጥታን ሥራውን ታስረዳን ጀመር። ደህና ደህናዎቹ እግሮች አይነኩም። ባቡሩ ይሄድበት የነበረው ድርብርብ ጣውላ ብቻ ተነስቶ በቦታው ብረት ይቀመጣል።

«እንጨት ብቻውን እንዲህ መጠማዘዝ አይችልም» አለች። «ብረት ብቻውን ደግሞ የአሮጊቷን መወዛወዝ አያውቅም። ሁለቱን ማጋባት ነው።»

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ግንባራቸው ትንሽ ተፈታ። ምሰሶዎቹን በመዳፋቸው እየነካኩ አንድ ዙር ሄዱ። ከዚያ በጫካው በኩል ያለውን ጥምዝ አሳዩአት፤ ጣውላው እዚያ ላይ ገና አልተነሳም ነበር።

«ከዚህ ቁረጡልኝ። ይህን በገዛ እጄ ነው የጠገንኩት።»

ሁለት ሠራተኞች መጋዝ ይዘው ወጡ። ክንድ የሚያህል ቁራጭ አውርደው ሣሩ ላይ ሲያስቀምጡት ለሁለት ተከፈለ። ከላይ ያለው ጣውላ ደህና ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን እንደ ትንባሆ የጠቆረ ዱቄት ሆኖ ተዘረገፈ። የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ አፍንጫችንን መታው። ጋሼ ሠራተኞቹ የወጡበትን መሰላል ይዘው ወጡ። ማንም ሳይከለክላቸው ቁራጩ በወጣበት ክፍተት እጃቸውን ሰደዱ። እስከ አንጓቸው ገባ።

«ይሄ የኔ አይደለም» አሉ። በአማርኛ ነው፤ ለእንጨቱ ነው የተናገሩት።

ኒና ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳችኝ። በብሎኖቹ ቀዳዳ ውሃ ሰርጓል። ጣውላው ስምንት ድርብ ነው፤ መዶሻ የላይኛውን እንጂ የታችኛውን አያናግርም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«ከብዙ ዓመት ጀምሮ።»

«ባለፈው በጋም?»

አየችኝ። «ባለፈው በጋም። ዕድለኞች ነበርን።»

 ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። በዚህ ጥምዝ ላይ ሶልያናዬ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ እየሳቀች አልፋለች። ያን አንድ ዓመት ያስጨመርነው እኛ ነን፤ ፊርማዬ አለበት።

ጋሼ ከመሰላሉ ወረዱ። ከረባታቸውን ፈትተው እጃቸውን ጠረጉበት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«የምትተዉአቸው እግሮች የትኞቹ ናቸው?» ብለው ኒናን ጠየቋት።

እየዞረች አሳየቻቸው። አንዱ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄንንም?»

«ይሄ ደህና ነው፤ መርምረነዋል።»

«የቱ ጋ?»

ኒና በወገቧ ልክ ጠቆመች። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከፍ አድርጉት። እዚያ መገጣጠሚያው ላይ በረዶ ይተኛል፤ ፀሐይ አያገኘውም። በየዓመቱ የምጠርገው እኔ ነበርኩ።»

ሠራተኛው መሰላሉን አስደግፎ በቀጭን መሰርሰሪያ ጋሼ ያሉት ቦታ ላይ ሞከረ። መሰርሰሪያዋ ቅቤ ያገኘች ይመስል ጥልቅ አለች። ኒና የራስ ቁሯን አወለቀች።  ከዚያ በቀይ ቀለም ትልቅ መስቀለኛ ምልክት አደረገችበትና «የቀሩትንም ያሳዩኝ» አለቻቸው።

እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ ዞሩ። ሌሎች ሁለት ምሰሶዎችም ቀይ ምልክት ተደረገባቸው። ጋሼ ጉልበታቸውን እየያዙ ነበር የሚሄዱት፤ ይረፉ ብላቸው አልሰሙኝም።

በመጨረሻም ከኒና ጋር በኮንቴይነር ወደተሠራው ቢሮ ገቡ። በመስኮቱ አያቸዋለሁ። ጋሼ አንድ ነገር ሲናገሩ የኒና እስክሪብቶ ቀጥ አለ። ወረቀት አቀረበችላቸው፤ ጎንበስ ብለው ብዙ ጻፉ። ሲወጡ ለማስታወሻ የመጣንበትን እንጨት አንዳችንም አላነሳነውም።

ቀን 10፡30፣ ወደ ጄኔቫ

 የበርንን ከተማ ካለፍን በኋላ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያን ድምፅ ሰምቼው ነበር» አሉ።

«የቱን ድምፅ?»

«ጡረታ ልወጣ በተቃረብኩበት ዓመት። ጫካው ጥምዝ ላይ አንድ ማለዳ የመዶሻው ድምፅ ደነዘዘብኝ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ጆሮዬ ደክሟል ብዬ ተውኩት። ብናገር ‹ሽማግሌው መስማት ተስኖታል፣ ይውጣ› እንዳይሉኝ ፈራሁ።»

«እስከ ዛሬ?» አልኳቸው።

«ይህንን ነው ለኒና የነገርኳት። ይጻፉና ይፈርሙ አለችኝ፤ ጽፌ ፈረምኩ።»

አጎቴን በልጅነቴም በስደቴም አውቃቸዋለሁ፤ ሲዋሹ አይቼ አላውቅም። እያወቁ ዝም ይላሉ ብዬ ማን ነግሮኝ አምናለሁ? መጮህ አማረኝ። ባቡሩ ጸጥ ብሏል፤ ከጎናችን አንዲት ሴት ሹራብ ትሠራለች።

«ለሶልያና አንንገራት» አልኩ በመጨረሻ። «ምን ይጠቅማታል? ሁሉም በሰላም አልፏል።»

«ይነገራታል።»

«ልጅ ናት እኮ ጋሼ!»

«እዚያ ባቡር ላይ ያስቀመጥኳትም ልጅ እያለች ነው» አሉ። 

ምሽት 1፡15፣ ጄኔቫ

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሶልያና ጣቢያው ድረስ መጥታ ጠበቀችን። «አባባ! ሳ ቫ? ደህና ነዎት? እንጨቱስ?» ብላ የጋሼ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ጋሼ ከላያቸው ላይ ቀስ ብለው አላቀቋትና ሰው እየተጋፋን እዚያው ቆመው ሁሉንም ነገሯት። ምንም አላለዘቡም። ልጄ ስትሰማ ፊቷ ሲቀያየር አየሁ።

«ፈርተው ነው ያልተናገሩት?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ሜ... ግን አባባ፣ ክሎዬም እኮ አብራኝ ነበረች። ሊናም።»

«አውቃለሁ። ለወላጆቻቸው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ነገ ወስደሽ ታገናኚኛለሽ?»

ሶልያና ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ትራሙ ፊቷን አቅንታ ሄደች።  እኛ በቀስታ ስንከተል ትራሙ ደወሉን ደወለ፤ በሩ ሊዘጋ ነው። ሶልያና ቀድማ ገብታ ነበር። ወደ እኛ ሳታይ፣ ፊቷ እንደተኮሳተረ፣ አንድ እግሯን በሩ መሐል አድርጋ ቆመች። ሹፌሩ በማይክ ሲቆጣት ንቅንቅ አላለችም። ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ደረጃ በደረጃ ወጥተው፣ ሁለቱም እግራቸው እስኪገባ ድረስ ጠበቀቻቸው።