ጠፍር የዋጠው ውሻ

«አንቺ ዳባት ስትሄጂ ነው እኔ ጫማዬን መሬት ላይ የማገኘው!» አሉኝ አጎቴ፣ ፊት ለፊቴ ቆመው።

ደባርቅ እሳቸው ዘንድ የተቀመጥኩት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክጨርስ ነበር። ዳባት ሱቅ ውስጥ ሥራ ስላገኘሁ ቅዳሜ ልሄድ ነው። እውነታቸውን ነው፤ ጫማ፣ ካልሲ፣ የልብስ ሳሙና፣ የሞባይል ቻርጀር ሳይቀር ምስማር ላይ ሰቅያለሁ። ገና ዓመት ያልሞላው ውሻችን ያገኘውን ይውጣላ! እኔ ስሄድ ማን ይጠብቀው?

አጎቴ ቱሪስት በበቅሎ ተራራው ላይ እስካለው የሳንቃ በር ካምፕ ያደርሳሉ። ጭነት የሚያስሩበት የቆዳ ጠፍር እንዳይደርቅባቸው ሞራ ይቀቡና እንዲጠጣው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ያሰጡታል። ለውሻ ከዚህ በላይ ምን ድግስ አለ?

«ጋሼ፣ ይስቀሉት፤ ይበላዋል።»

«ጠፍር እኮ ነው፤ ሥጋ አይደለም።»

«ሞራ ቀብተውት?»

«የኔን ሥራ ለኔ ተይው።»

ሐሙስ ጠዋት ውሻው ምራቁን እያዝረበረበ መጣ። ከአፉ ጥግ ስንዝር የምታህል ጠፍር ተንጠልጥላለች፤ ሌላው ገብቷል። አጎቴ ጫፏን ጨበጡ። እጃቸውን ያዝኩ።

«አይጎትቱ! ውስጡን ይቀደዋል!»

ይህን የነገረኝ የከብት ሐኪሙ ነው፤ በጋችን የጆንያ ክር የዋጠች ጊዜ።

ውሻው አልራመድም አለ። አጎቴ ወደ ሐኪሙ ሊወስዱት በቅሏቸው ላይ ኮርቻ ጫኑ፤ ጋቢያቸውን አንጥፈው ውሻውን አስቀመጡት። እኔ ከጎን ደገፍኩት። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ሌሎቹ በቅሎ ነጂዎች አዩን።

«ጋሼ፣ ይኼኛው ቱሪስት ደግሞ ከየት አገር ነው?»

«ራስ ዳሸን ይወጣል ወይስ ከሳንቃ በር ይመለሳል?»

ሌላ ቀን ቢሆን ስድብ አያጡላቸውም። ያን ቀን ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው አለፉ። 

ሐኪሙ ውሻውን በመርፌ አስተኛውና ጠፍሩን ቀስ ብሎ አወጣው። የጠፍሩ ቋጠሮ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ኖሯል።

«ብትጎትቱት ኖሮ አብቅቶለት ነበር» አለ።

አጎቴ እኔን ላለማየት ግድግዳውን አዩ።

ቅዳሜ ማለዳ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ አጎቴ በባዶ እግራቸው ቤቱን ይዞራሉ።

«ጫማዬን የት ሰቀልሽብኝ?»

«እኔ አልነካሁም።»

ቀና አልን። ጠፍሩም፣ ልጓሙም፣ ጫማቸውም ትናንት ራሳቸው በመቷቸው ምስማሮች ላይ ተደርድረዋል፤ እኔ እንኳ የማልደርስበት ከፍታ ላይ። በርጩማ አቅርቤ ጫማውን አወረድኩላቸው። ውሻው ጆሮውን አቆመ። አጎቴ ቶሎ ብለው ጫማውን አጠለቁ።

ሻንጣዬን አነሳሁና ወደ መናኸሪያው ወረድኩ።