ተርቦው እስኪበርድ

በዚያ ኮረብታ ላይ ባለ ሰፈር በጋ ሲገባ መኪና ሁሉ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ይቆማል። የጫካ እሳት ሲመጣ ማንም ወደ ኋላ ለመውጣት ሲታገል እንዳይያዝ ነው። ፋልከን የተባለው የኖሊን መኪና ግን ብርድ ልብስ ለብሶ ከግድግዳው ጋር እንደተፋጠጠ ነበር። ባሏ ሌስ በብርዱ ወራት ከመሞቱ በፊት እንዳቆመው። እሷ በየሳምንቱ ሞተሩን አስነስታ ከማጥፋት በቀር አልነካችውም።

ፈርታው ነው። ላዩን ሲያዩት እንደ ማንኛውም የቤተሰብ መኪና ነው፤ የሞተሩን ጉልበት የሚጨምረው ተርቦ ሲነሳ ግን ይወረወራል። አንድ ጊዜ ሌስ አስነድቷት፣ ነዳጁን ነካ ብታደርገው ጅራቱ ዞሮ ቦይ ውስጥ ገቡ። እሱ እየሳቀ ወጣ። እሷ ዳግመኛ መሪውን አልጨበጠችም።

እሳቱ በመጣ ቀን ጎረቤቶቿ ጠዋት ሸሽተው ሲወጡ መኪና እንዳላት ጠይቀዋት፣ አለኝ ብላ ነበር። ዘወትር የምትነዳት ትንሿ ሌላ መኪናዋ ለጥገና ጋራዥ መግባቷን መናገር አፍራ። ከሰዓት ነፋሱ ዞረ፤ ሬዲዮው ሰፈሩን በስም ጠርቶ አሁኑኑ ውጡ አለ። አብሯት ሊወጣ የቀረው የሰማንያ ሁለት ዓመቱ ጎረቤቷ መርቭ በከዘራ እያዘገመ መጣ።

"በምን ልንሄድ ነው?"

ቁልፉን አሳየችው።

"በእሳቱ ብንሞት አይሻልም?"

"ዝም ብለህ ግባ፣ አንተ ሽማግሌ።"

ብርድ ልብሱን ገፍፋ ጥላ ገባች፤ ፍሪሲዮኑን ረገጠች። የኋላ ማርሽ አስገባች፤ በመስታወቱ ከጭስ በቀር የሚታይ የለም። ሞተሩ ጠፋባት። እንደገና አስነሳች። መርቭ ቀልዱን ትቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ አንገቱን ወደ ውጭ አስግጎ ይመራት ጀመር።

"ወደ እኔ አምጪው… በቃ። አሁን ቀጥ አድርጊው።"

የአጥሩን ምሰሶ ገጭታ ወጣች።

ቁልቁለቱ ጠጠር ነው። ፍም ኮፈኑ ላይ ይረግፋል። ነዳጁን በእግሯ ጣት ጫፍ ብቻ ነበር የምትነካው፤ ከኋላ ዛፎቹ እየፈነዱ ሲጮሁ ግን ረገጠችው። ጅራቱ ሸተት አለ። እግሯን ግን አላነሳችም። ጠጠሩ አልቆ ጎማው አስፋልቱን ያዘ።

መጠለያ የሆነው የክሪኬት ሜዳ ሲደርሱ መኪናውን አዙራ ፊቱን ወደ መውጫው አደረገችው። አንዲት የእሳት አደጋ ሠራተኛ መስኮቱን አንኳኩታ ሞተሩን እንድታጠፋ ነገረቻት።

ኖሊን እጇን ከመሪው ማላቀቅ አቃታት። "ሁለት ደቂቃ" አለች። "ተርቦው ይብረድ።"

ሌስ ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር፣ የጋለው ተርቦ እንዳይጎዳ ሞተሩን ሳያጠፋ እንዲህ ይጠብቅ ነበር፤ እሷ በወጥ ቤቱ መስኮት እያየችው፣ ምሳው ቀዘቀዘ እያለች ስትነጫነጭ።

መርቭ ሰዓቱን አይቶ ሁለቱ ደቂቃ አለፈ አላት። እሷ ጭሱን በመስታወት እያየች ለተርቦው አንድ ደቂቃ ጨመረችለት።