የኦቦ ባቻ ጭቃ ቤት

ቀነአ ባቻን በነቀምቴ ከተማ የሚያስተዋውቁት በሮቹ ናቸው። ክረምት ሲገባ የሌላው አናጺ በር አብጦ አልዘጋ ሲል፣ የእሱ በአንድ ጣት ገፋ ሲያደርጉት ይገጥማል። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ ያልደረቀ እንጨት አይነካም። ሙያውን በትምህርት ቤት ተምሮታል፤ ዛሬ ደግሞ በአንድ ማሠልጠኛ ወጣቶችን ያስተምራል። እጁን ያላሳረፈበት አንድ ቤት ቢኖር የራሱ መኖሪያ ነው። አባቱ ኦቦ ባቻ የሠሩት፣ በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የቆየ ቤት ነው። ቀነአ "ለከርሞ አፍርሰን በብሎኬት እንሠራዋለን" ማለት ከጀመረ ከርሞው ስንት ጊዜ ጥሎት አልፏል። እስከዚያው ታዲያ እንግዳ ወደ ቤቱ አያስገባም።

አምና ዤራር የሚባሉ ጡረታ የወጡ ፈረንሳዊ አናጺ ለማስተማር ወደ ማሠልጠኛው መጥተው ነበር። ሽማግሌው የሰው ቤት ማየት ይወዳሉ። "የምትኖርበትን አታሳየኝም?" ባሉት ቁጥር ቀነአ "እያሳደስኩት ነው" እያለ ሆቴል ምሳ ይጋብዛቸዋል። እሳቸው ግን ቂም አልያዙም። አገራቸው ሲመለሱ "ገናን ከእኛ ጋር አሳልፍ" ብለው ጠሩት።

ቀነአም ሄደ። የዤራር ከተማ ኮልማር ትባላለች፤ ስትቆረቆር ማን እንደነበረ የሚያስታውስ የለም። መንገዷ ጠባብ፣ ድንጋይ ንጣፍ ነው። ቤቶቿ ከላይ ሰፍተው ከታች ጠበው፣ መንገዱ ላይ አጎንብሰው ቁልቁል የሚያዩ ይመስላሉ። በየአደባባዩ በመብራት ያሸበረቁ የእንጨት ሱቆች ተደርድረው ብስኩትና ሻማ ይሸጣሉ። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ሰው ሁሉ ትኩስ ወይን ይዞ ሲሞቅ፣ ጴንጤው ቀነአ ትኩስ የፖም ጭማቂ ይዞ ቀና ብሎ ምሰሶ ይቆጥራል። ግድግዳው ላይ ወዲያና ወዲህ የተጋደመው ወፍራም እንጨት ሚስማር አልነካውም፤ ወንዴና ሴቴ ሆኖ ገጥሞ በእንጨት ችካል ተቆልፏል። በእንጨቱ መካከል ያለውን፣ ቀለም የተቀባውን ግድግዳ ግን "መቼም ድንጋይ ይሆናል" ብሎ አለፈው።

በእነሱ የገና ዋዜማ ጠዋት የዤራር ባለቤት ኮሌት፣ "ማታ ቤተሰቦችህን በስልክ አሳየን፤ ልጆቻችንም ይመጣሉ" አሉት። ቀነአ ጃኬቱን ደርቦ ደጅ ወጣና ሚስቱ ድርቤ ጋ ደወለ።

"ድርቤ፣ ማታ በቪዲዮ እንደውላለን። ጎረቤት፣ ወይዘሮ ማዘንጊያ ሳሎን ሆናችሁ ጠብቁኝ።"

"ለምን? እዚህም ኔትወርኩ ደህና ነው እኮ።"

"ኔትወርኩን አይደለም። ግድግዳውን ነው።"

"አባስ?"

"አባ ይደክማቸዋል። ቤት ይሁኑ።"

"ጎረቤት መሄድ ነው የሚደክማቸው? ዛሬ በእግራቸው ገበያ ደርሰው መጥተዋል!"

"አልኩሽ በቃ።"

"እሺ፣ የአሜን አባት። በሰው ወርቅ አይደምቁም ሲባል ግን ሰምተሃል።"

አመሻሽ ላይ ተደወለ። ስልኩ ውስጥ የማዘንጊያ ሳሎን ወለል ብሎ ታየ፤ ሴራሚኩ፣ መጋረጃው፣ በጂብሰም የተሠራው ኮርኒስ። ድርቤ ትንሿን ልጃቸውን አሜንን አቅፋ ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣለች። ማዘንጊያ በጎን ብቅ አሉና፣

"ቀነአ! ፈረንጆቹ ጾሙን ሳይጨርሱ ገደፉ እንዴ? እኛ እኮ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረናል!" አሉ።

ዤራር ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። "ቤትህ እንዴት ያምራል! ኮርኒሱን አንተ ነህ የሠራኸው?"

ቀነአ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

"አባትህስ የት አሉ?"

"ተኝተዋል።"

አሜን "አያቴ እኮ ቤት..." ብላ ስትጀምር ድርቤ ፈጥና ሳመቻት።

ከራት በፊት ዤራር ቀነአን ወደ ደረጃው ወሰዱት። ግድግዳው ላይ ትንሽ የመስታወት መስኮት አለች፤ ወደ ደጅ ሳይሆን ወደ ግድግዳው ሆድ የምታሳይ። ሽማግሌው ባትሪ አበሩ። ቀነአ ጎንበስ ብሎ አየ። የተፈለጠ እንጨት እንደ ማገር ተደርድሯል። ጭቃ። ጭቃው ውስጥ ጭድ።

"አራት መቶ ዓመት አልፎታል" አሉ ዤራር። "ይህቺ ጥግ በዓለም ጦርነቱ ስትፈርስ የመረጋት አባቴ ነው። የጣቶቹ ፈለግ ይኸው። ለገና የመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን ሳያይ ማዕድ አይቀርብም። እናንተ አገርስ እንዲህ ይሠራል?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። "አልፎ አልፎ፣ ገጠር" አለ። ራት ላይ ያቀረቡለትን ዝይ ቆራርጦ ወደ ሳህኑ ዳር ገፋው። ኮሌት "አልጣፈጠህም?" ሲሉት በብርዱ አመካኘ።

በማግስቱ እነሱ ገናን ሲያከብሩ ነቀምቴ ተራ የሥራ ቀን ነበር። ቀነአ ከቁርስ በፊት ለድርቤ ደውሎ "ቤት ሁኚ፤ አባን ግድግዳው አጠገብ አስቀምጪልኝ" አላት። ለዤራር ደግሞ "አባቴ አንድ ግድግዳ ያሳይዎታል" ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም። የትናንቱን ውሸት ሳያነሳ ነገሩን በዚሁ አድበስብሶ ሊያልፈው ነበር።

ኦቦ ባቻ ባርኔጣቸውን አድርገው በቪዲዮ ቀረቡ። ዤራር የጠየቁትን ቀነአ በኦሮምኛ ያደርሳል፤ የአባቱን መልስ በእንግሊዝኛ ይመልሳል።

"ጭዱ የምንድን ነው?"

"የጤፍ። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ሳምንት ይከርማል። ሳይሸት የተመረገ ይሰነጠቃል።"

"ምሰሶውን ምስጥ አይበላውም?"

ኦቦ ባቻ ሳቁ። "ወለጋ ውስጥ ምስጥ የማይበላው ምን አለ? የሚቀበረውን ጫፍ እሳት ላይ አክስለን ነው የምንተክለው። ያኔ ምስጡም ወደ ጎረቤት ይሄዳል።"

ዤራር ጠረጴዛውን በደስታ መቱ። ኮሌት ግን ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው፣ "ይሄ የማን ቤት ነው?" አሉ።

ቀነአ ሳይመልስ አባቱ ቀደሙ። "ኢልማኮ፣ ልጄ፣ እስቲ ልጠይቅህ። ሰዎቹ እንዲህ ግድግዳ የሚወዱ ከሆነ፣ ትናንት እነ ድርቤን ማዘንጊያ ቤት የሰደድካቸው ለምንድን ነው? እኔንስ ለምን አስቀረኸኝ?"

"ምን አሉ?" አሉ ዤራር ፈገግ ብለው።

ውሸቱ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ስልኩ ውስጥ ግን የአባቱ ዓይን ይጠብቀዋል። ፊቱ እንደ ፍም ነደደ።

"ትናንት ለምን ደበቅኸኝ ነው የሚሉኝ" አለ። "ቤቴ ይሄ ነው። የትናንቱ የጎረቤት ነው። ኮርኒሱንም እኔ አልሠራሁትም። አባቴም አልተኙም ነበር።"

ኮሌት ዓይናቸውን ፊታቸው ባለው ሲኒ ላይ ጣሉ። የዤራር ፈገግታ ቀስ እያለ ከሰመ።

"ምን አሉ?" አሉ በተራቸው ኦቦ ባቻ።

"ምንም አላሉም፣ አባ።"

"እንግዲያው አንተ በል።"

"ዲፋማ፣ አባ" አለ። ይቅርታ ማለቱ ነው።

ኦቦ ባቻ ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ አልማርህምም አላሉም። ስልኩን ከድርቤ እጅ ወስደው ወደ ግድግዳው አዞሩትና በጣታቸው እየጠቆሙ፣

"ከዚህ በላይ ያለውን የመረገችው እናትህ ናት" አሉ። "አንተን አርግዛ፣ መሰላል ላይ ቆማ። ይህንንም ንገራቸው።"

ቀነአ አንገቱን ደፍቶ ተረጎመ።