የአብሮ አደጌ ሚኒባስና የእኔ ባጅ

አብሮ አደጌ ሚኒባስ የገዛ ዕለት ጥርሴን አሞኛል ብዬ ለባለቤቴ ዋሸኋት። ጥርሴ ደህና ነበር። ፊቴ ለምን እንደተጨማደደ የምነግራት ሌላ ምክንያት ስላጣሁ ነው።

የተወለድነው ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የእነሱን ቤትና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር፤ እናቱ ሲቆጡት እኛ ቤት ይሰማል፣ አባቴ ሲያስነጥስ ከእነሱ ቤት "ይማርህ" ይባላል። እነሱ ሙስሊም፣ እኛ ክርስቲያን ነን፤ በዓላችን ግን ተደርቦ ሁለት ሁለት ነበር። በትምህርት እኔ አንደኛ እወጣለሁ። እሱ ከእኔ ደብተር ላይ ገልብጦ እንኳን ይሳሳታል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ ታክሲ ላይ ወያላ ሆነ፣ እኔ ኮሌጅ ገብቼ የራጅ ባለሙያ ሆንኩ። ለብዙ ዓመታት ዓለም በትክክል የተሠራች መስላኝ ኖርኩ።

የምሠራው ከማዞሪያው ብዙም በማይርቅ ክሊኒክ ነው። ደረቴ ላይ ትንሽ ባጅ አንጠለጥላለሁ። ባጁ እኔ ላይ የሚያርፈውን ጨረር ያጠራቅማል፤ በየሦስት ወሩ ተሰብስቦ ወደሚያነበው መሥሪያ ቤት ይላካል፤ ከዚያ የእያንዳንዱ ባጅ ቁጥርና ልኬት የሰፈረበት ወረቀት ይመጣልናል። በዚህ የተነሳ ሰፈር ውስጥ "የጨረር ሰውዬ" ነው የምባለው። አብሮ አደጌ ሥራዬን ጦር ሜዳ አድርጎ ነው የሚያየው። ወተት መርዝ ያወጣል ብሎ ያምናል፤ በያጁም ቀለም ቀቢውም የሚያምነው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቀን ወተት ይዞልኝ ይመጣል። "ጠጣ፣ ያ ነገር ሆድህ ውስጥ እንዳይቀር" ይለኛል። ጨረር ሆድ ውስጥ እንደማይቀመጥ ስንት ጊዜ አስረድቼዋለሁ። እሺ ይልና በሚቀጥለው ሳምንት ይዞ ይመጣል።

ከ18 ማዞሪያ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከዓለም ባንክ 18 እያለ የሰው ታክሲ ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ የራሱን ገዛ። ከጃፓን የመጣ፣ ያገለገለ ግን ገና የሚያብረቀርቅ ነጭ ሚኒባስ ነው። በግ አረደ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ደግሞ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ለብቻ አስመጥቶ፣ በሌላ ድስት አሠርቶ፣ እሱ ራሱ ቆሞ "ብሉ እንጂ፣ ምነው?" ሲል ዋለ። ሥጋውን እያላመጥኩ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እኔ እስካሁን ወደ ሥራ የምሄደው በእግሬ ነው። ከምግቡ በኋላ እጄን ጎትቶ ጋቢና አስቀመጠኝና "የመጀመሪያው ተሳፋሪ ወንድሜ ነው" ብሎ ማዞሪያውን ሁለት ጊዜ አዞረኝ። ሰው ያጨበጭባል። ያን ቀን የምር ጥርሴን ቢያመኝ በወደድኩ።

ሚኒባሱን ለተማሪ ሰርቪስ አዋለው። የሰፈሩ እናቶች ተሽቀዳድመው ልጆቻቸውን አስመዘገቡ፣ ምክንያቱም እሱ በፍጥነት አይነዳም፣ አይሳደብም፣ ልጅ ሳይገባ በር አይዘጋም። ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጄም ተመዘገበች። ከሁሉ የባሰብኝ ይሄ ነው። ማታ እራት ላይ ወሬዋ ሁሉ ስለ እሱ ሆነ፤ ምን ብሎ እንዳሳቃቸው፣ የትኛውን የሚያለቅስ ልጅ እንዳባበለ፣ ክላክሱን እንድትነካ እንደፈቀደላት። አንድ ቀን "አባዬ፣ አንተ ለምን መኪና መንዳት አትችልም?" ብላ ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ነገሩ የተነሳው ከአንድ ትንሽ ወረቀት ነው። በሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ በጃፓንኛ የተጻፈ፣ ዘይት ሲቀየር የሚለጠፍ ወረቀት ነበር። አብሮ አደጌ ያማረ ጌጥ ስለመሰለው አልላጠውም። ባንክ የምትሠራ አንዲት እናት ልጇን ስታወርድ ስልኳን አውጥታ ወረቀቱ ላይ ደገነችው፤ ስልኩም ተረጎመላት። የጋራዡ አድራሻ ፉኩሺማ ይላል። በማዕበል የተመታው የኑክሌር ጣቢያ ያለበት ክፍለ ሀገር ማለት ነው።

በአንድ ሰዓት ውስጥ የወላጆች ግሩፕ ታመሰ። አንዱ ቪዲዮ ላከ፤ ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች የእርሻ አፈር እየፋቁ ጥቁር ከረጢት ውስጥ ይሞላሉ፣ ከረጢቶቹ ሜዳውን ሞልተው ተደርድረዋል። አንዷ እናት የጻፈችው እስካሁን አይረሳኝም፦ "አፈሩን እንኳን ፍቀው የጣሉ ሰዎች መኪናውን ለእኛ ልጆች ሸጡልን ማለት ነው?" በፍርሃታቸው መሳቅ አይቻልም ነበር። የማይታይ፣ የማይሸት፣ ሲነኩት የማያቃጥል ነገር ልጅ ላይ ያርፋል ሲባል የትኛው ወላጅ ዝም ብሎ ይተኛል? እኔም ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ቤት ገብቼ ሳልታጠብ ልጄን አልስምም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አምስት ስድስት እናቶች ክሊኒኩ በር ላይ ጠበቁኝ። እሱም አብሯቸው መጥቷል፤ ሚኒባሱን መንገዱ ዳር አቁሞታል፣ ልጆቹ ውስጥ ናቸው። ባንክ የምትሠራዋ "እርስዎ ባለሙያ ነዎት፣ እውነቱን ይንገሩን" አለችኝ። እሱ ደግሞ ፊቱ ላይ አንድም ጥርጣሬ ሳይኖር "እሱ ያለው ይሁን። ወላሂ፣ ይቁም ካለ አቆመዋለሁ" አለ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ያ ክፍለ ሀገር ሰፊ ነው፤ አብዛኛው ቦታ ላይ ዛሬም ሰው ይኖራል፣ ያርሳል፣ ይነግዳል። መኪናው የሚጎዳ ነገር ተሸክሞ እዚህ የመድረሱ ዕድል በጣም ትንሽ ነው፤ ለማረጋገጥ ደግሞ ይለካል። ይህንኑ ልናገር አፌን ስከፍት ልጄ ከጋቢናው መስኮት አንገቷን አውጥታ እጇን አውለበለበች። እኔን መስሎኝ እጄን አነሳሁ። እሷ የምታየው እሱን ነበር።

"ሳይለካ ምንም ማለት አይቻልም" አልኩ። ይህ እውነት ነው። ቀጥዬ ግን "እኔ የራሴን ልጅ አላሳፍርም" አልኩና ሄጄ በሩን ከፍቼ አወረድኳት። እናቶቹም ተከትለውኝ ልጆቻቸውን አወረዱ። እዚያው መንገድ ዳር፣ ቦርሳቸውን እንዳዘሉ፣ አንድ በአንድ ወረዱ። እሱ በሩን ይዞ ልጆቹ እንዳይወድቁ ይደግፋቸው ነበር።

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጣ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ መጥቶ "አላህ ነው በአንተ በኩል ያስጠነቀቀኝ" አለኝ። ከዚያ ምን እንደሚሻል ጠየቀኝና መልሴን ሳይጠብቅ የራሱን መላ ጀመረ። ወንበሮቹን ነቅሎ ፀሐይ ላይ አሰጣ፤ ውስጡን በበረኪና እየደጋገመ አጥቦ ቀለሙን አስለቀቀው። በመጨረሻ ግቢው ውስጥ አቁሞ ሸራ አለበሰው። እንደ እኔ ያለ ሰው ቢሆን ኖሮ ታክሲ መስመር ላይ አሰማርቶት ይሠራበት ነበር፤ ማን ያውቅበታል? እሱ ግን "የማያውቅ ሰው ጭኜማ ምን ብዬ እተኛለሁ" ብሎ ተመልሶ የሰው መኪና መንዳት ጀመረ። እቤት ደግሞ የስድስት ወር ወንድ ልጅ ነበረው። እኔ ቀድሞ የነገርኩትን አስታውሶ፣ ገላውን ሳይታጠብና ልብሱን ሳይቀይር ልጁን አያቅፍም። ሕፃኑ እጁን እየዘረጋ ሲያለቅስ፣ እሱ ከደጅ ቆሞ "ቆይ፣ መጣሁ፣ መጣሁ" ሲለው በዓይኔ አይቻለሁ።

ለካልኝ ብሎ ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ሥራ የለቀቀች ባልደረባዬ ባጅ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ለመኪና የተሠራ ነገር ባይሆንም ሦስት ወር ቢቀመጥ የረባ ጨረር ካለ ይይዛል። ደንቡ አይፈቅድም። ቢሆንም አምጥቼ ከሹፌሩ ወንበር ቦታ ሥር አሰርኩት። እሱ ባጁን ሲያይ የእኔን ደረት አየና "አንተስ በየቀኑ ይሄን ታቅፈህ እየዋልክ እንዴት ቻልከው?" አለኝ። የዚያን ሳምንት ወተቱን ሁለት እጥፍ አድርጎ አመጣ። ለራሱም መጠጣት ጀምሮ ነበር።

እነዚያ ሦስት ወራት፣ ሳልዋሽ ልናገር፣ ጥሩ ወራት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ልጄን እጇን ይዤ በእግር ወደ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ፌርማታው ጋ ስንደርስ እሱ በሰው መኪና ላይ ሆኖ ክላክስ ያደርግልናል፤ እኔ ዘና ብዬ እጄን አነሳለታለሁ። ሰፈር ውስጥ ስለ ጨረር የሚጠየቀው እኔ ነኝ። እናቶች መንገድ ላይ አስቁመው ያመሰግኑኛል፣ "እርስዎ ባይኖሩ ልጆቻችን አልቀው ነበር" ይሉኛል። እንቅልፌ ተስተካከለ። ምግብ ሳይቀር ጣመኝ።

ወረቀቱ መጣ። የሁላችንም ባጅ ቁጥር በተራ ተጽፏል። የእኔ ልኬት እንደ ሁልጊዜው ትንሽ አለው። ሚኒባሱ ውስጥ የከረመው ባጅ ግን ለማነጻጸሪያ ቢሮ ውስጥ ከሚቀመጠው ባጅ ምንም ልዩነት የለውም። ከሁላችንም ንጹሕ የነበረው የእሱ መኪና ነው። ቆሜ አነበብኩት፤ ተቀምጬም አነበብኩት። ከዚያ ኮፒ አድርጌ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ዛሬ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ አልኩ። ጠዋት ልጄ እጄን ስትይዝ ደግሞ እስከ ሰኞ ይቆይ አልኩ። እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደወለልኝ። "ገዢ አግኝቻለሁ፣ ቶሎ ና" አለኝ። ለምን እንደፈለገኝ አልገባኝም። ግቢው ስደርስ ሸራው ተነስቷል፣ ወንበሮቹ ተመልሰው ታስረዋል። ከሳንሱሲ የመጡ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ሚኒባሱን እየዞሩ ጎማውን ይነካሉ። ሊብሬው እጃቸው ላይ ነው። ወደውታል፤ ከፊታቸው ያስታውቃል።

አብሮ አደጌ ትከሻዬን ይዞ ወደ ሰውየው አቀረበኝ። "ጋሼ፣ ይሄ ወንድሜ ነው፣ የጨረር ባለሙያ። መኪናው የመጣው የኑክሌሩ አደጋ ከደረሰበት አገር ነው። ሳልነግርዎ ብሸጥልዎ ሐራም ነው፤ እኔ በደንብ ማስረዳት ስለማልችል እሱ ይንገርዎት፣ ከዚያ ከፈለጉ ይግዙ።" ወደ እኔ ዞሮ "ሳትደብቅ ንገራቸው" አለኝ።

ሰውየው ሊብሬውን ዝቅ አደረጉ። ሁለቱም እኔን ያያሉ። መኪናውን ሊያጣ ነው፣ ገዢውንም በእኔ አፍ ሊያባርር ነው፤ ይህ ሁሉ የመጣበት እኔ ክሊኒኩ በር ላይ በተናገርኩት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። እጄ ሳላዘው ኪሴ ውስጥ ገባ።

"ተለክቷል" አልኩ። "ምንም የለበትም።"

አብሮ አደጌ ወረቀቱን ነጠቀኝ። አነባበቡን ስላላወቀበት ቁጥሩን በጣቴ አሳየሁት፤ የሚኒባሱ ይሄ፣ ማነጻጸሪያው ይሄ፣ እኩል ናቸው። "ምንም?" አለ። "ምንም" አልኩት። ወረቀቱን ለሰውየው አቀበላቸውና ሮጦ ቤት ገባ። ወዲያው ሕፃኑን በዘይት በቆሸሸ ሹራቡ ላይ ለጥፎት፣ አንገቱን እየሳመው ወጣ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡ ቆይተው "ይሄ እኮ ከወጣ ቆይቷል። ቀኑ እዚህ ተጽፏል፤ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው" አሉ።

አብሮ አደጌ የልጁን አንገት መሳም አቆመ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። በሕይወቴ እሱን ለመጀመሪያ ጊዜ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሮ "ሥራ ይበዛበታል ጋሼ" አላቸው። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በከንቱ አደከምኩዎት፤ አልሸጠውም።" እስከ በሩ ድረስ ሸኛቸው።

ተመልሶ ፊቴ ቆመ። ቅናት ነው ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ አዎ የምል መሰለኝ፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ግን ቀደመኝ።

"ለልጅህ ፈርተህ ነው አይደል? እርግጠኛ እስክትሆን ነው የቆየኸው።"

"አዎ" አልኩ።

"እኔም በአንተ ቦታ ብሆን ይሄንኑ አደርግ ነበር" አለኝ።

አያደርገውም። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። በዚያች ደቂቃ እንኳን፣ ይህን ማለት በመቻሉ ቀናሁበት። ቀጥሎ "ለእናቶቹ አንተ ጻፍላቸው፣ እኔን አያምኑኝም" አለና ሕፃኑን እንድይዝለት ሰጥቶኝ ሞተሩን ሊያስነሳ ሄደ።