ቅርንጫፍ ያለው ኮራል ፍለጋ፣ ከሜስኪት እስከ ኪ ላርጎ

ሐሙስ ንጋት፣ ሜስኪት

ጸሎቴን አድርሼ ስወጣ ሐና መኪናውን አስነስታ ትጠብቀኛለች። ልጄ የባሕር ሕይወት ተማሪ ናት። ፍሎሪዳ ያለ፣ ኮራል የሚባለውን ድንጋይ መሰል የባሕር እንስሳ የሚያጠና ቡድን ነገ ውኃ ውስጥ ይፈትናታል። ያየችውን በትክክል ከለየች ሥራው የሷ ነው፤ ከተሳሳተች ሌላ ሰው ይወስዳሉ።

“እማ፣ አንቺ ግን ለምን ትመጫለሽ?”

“ልጸልይልሽ።”

“ሶ፣ ከሜስኪት አይሰማም?”

ከሰዓት፣ ከማያሚ ወደ ደቡብ

ከአውሮፕላን ወርደን መኪና ተከራየን። ሙቀቱ እርጥብ ፎጣ ነው። ድልድይ አልፈን ሌላ ድልድይ፣ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ውኃ። ዋና አልችልም፤ እሷ መሪ ይዛለች፣ እኔ የበሩን እጀታ።

እየነዳች አስጠናችኝ። የአጋዘን ቀንድ የሚመስለው ኮራል በባሕሩ ሙቀት አልቆ ብርቅ ሆኗል። ቅርንጫፉን ጥቃቅን ጽዋ የመሰሉ ነገሮች ይሸፍኑታል፤ ጫፉ ላይ ተለቅ ያለ አንድ አለ። እሳት ኮራል የሚሉት ከሩቅ ይመስለዋል። የሁለቱም ጫፍ ነጣ ይላል። እሳቱ ግን ገላው ልሙጥ ነው፤ ሲነኩት እንደ ሳማ ያቃጥላል።

ዓርብ ጠዋት፣ የኪ ላርጎ ወደብ

ፍልሰታ ነው፤ ሐና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። የቡድኑ መሪ ዴብራ፣ ጠና ያለች ሴት፣ በባዶ ሆድ ማንም አይጠልቅም አለች። ሐና አልበላም አለች።

“አንቺ አይደለሽም ያስተማርሽኝ?” አለችኝ።

ከሜስኪት ብዙም ሳይርቅ ቪከሪ ሜዶ ለሚኖሩት የንስሐ አባታችን ኮል አደረግኩና ስልኩን ሰጠኋት።

“ሐናዬ፣ ብዪ” አሏት። “ባሕር ውስጥ ራስሽን ብትስቺ የምጠየቀው እኔ ነኝ።”

“እሺ አባ” ብላ ዳቦ በኦቾሎኒ ቅቤ በላች። እኔም ተሳፍሬ ጀልባው ተነሳ።

ረፋድ፣ ባሕሩ ላይ

ዴብራ ደብዛዛ ፎቶ አሳየችን፤ ቅርንጫፍ ያለው ኮራል ነው። የአጋዘን ቀንዱ ከሆነ፣ እዚህ ቦታ ከሙቀቱ ተርፎ የተገኘ የመጀመሪያው ይሆናል። ጀልባው ላይ ያለ ሁሉ እሱ እንዲሆን ይፈልጋል። እኔም “እመቤቴ፣ እሱን አድርጊው” ብዬ ለመንኩ።

ሐና ከዴብራ ጋር ጠለቀች። ሲወጡ ሰማዩ ጠቁሯል።

“ምንድነው?” አለቻት ዴብራ።

ሁላችንም ሐናን አየን።

“እርግጠኛ አይደለሁም። ውኃው እየገፋኝ አልቀረብኩም። አንዴ ልመለስ።”

የጀልባው ነጂ በአገጩ ደመናውን አሳየ። ዴብራ አንዴ ብቻ ብላ አብራት ተመለሰች።

የትንፋሻቸው አረፋ ይታየኝ ነበር፤ ማዕበሉ ሲከፋ ከዓይኔ ጠፋ። ውዳሴ ማርያም በቃሌ ጀምሬ መሐሉ ጠፋብኝ። ነጂው ውኃ ሰጠኝ፤ ጾመኛ ነኝና ይዤው ተቀመጥኩ።

ሐና ብቅ አለች። መሰላሉን እንደያዘች ተናገረች።

“ልሙጥ ነው። አንድም ጽዋ የለውም። እሳት ኮራል ነው።”

ከቡድኑ አንዱ ፊቱን አዞረ። ልጄ ሥራውን አጣች አልኩ በልቤ።

ዴብራ ወጥታ መነጽሯን አወለቀች። “እኔም የአጋዘን ቀንዱ እንዲሆን ተመኝቼ ነበር” አለቻት። “ግን ልክ ነሽ። ሥራው ያንቺ ነው።”

ቅዳሜ አመሻሽ፣ ሜስኪት

ከኤርፖርት እስከ ቤት ሐና ነዳች። በራችን ላይ ፓርክ አድርጋ ሞተሩን አጠፋች።

“እማ፣ እውነት እሱ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ማለቴ፣ በጣም።”

“እኔም ለምኜ ነበር” አልኳት።

እመቤቴ የለመንኳትን ኮራል አልሰጠችኝም። እውነት የምትናገር ልጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ተመስገን።