ፑኤርቶ ጋርሴሮን ከግራ ወንበር

ዶን ኤሊሴዮ ፓራሌስ መነጽሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠለቁ ዕለት ከወንበራቸው ወደቁ። ዳኮታ አውሮፕላናቸው ውስጥ የተቀመጡ መስሏቸው ክርናቸውን መስኮቱ ላይ ሊያስደግፉ ሲሉ መስኮት አልነበረም፤ የነበረው የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጓዳና የሲሚንቶ ወለሉ ነው። ደግፈን ስናነሳቸው መነጽሩ አሁንም ፊታቸው ላይ ነበር።

«አውሮፕላኗ ትሄዳለች?» አሉ።

«ትሄዳለች» አላቸው ባለታክሲው ዊልሜር። «የወደቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያ ጓዳ ውስጥ እንሰበሰባለን፤ አራት፣ አንዳንዴ አምስት ሰዎች። ከከተማችን ከቪያቪሴንሲዮ ወዲያ ምሥራቁ ሁሉ ሜዳና ጫካ ነው፤ ጨውም ነዳጅም ሙሽራም የሚሄደው በአየር ነውና፣ እዚህ ከተማ አውሮፕላን የማይናፍቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን አብራሪዎች አይደለንም። ያለን የአውሮፕላን ማብረሪያ ፕሮግራም የተጫነባቸው ሁለት ኮምፒዩተር፣ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ መሪ፣ የእግር መርገጫና ጭንቅላት ላይ የሚጠለቁ ሁለት መነጽሮች ናቸው፤ አንዱ አዲስ፣ ሌላው ማሰሪያው በላስቲክ የተጠገነ። መነጽሩን ስታጠልቅ ግድግዳው ይጠፋል። ወደ ቀኝ ብትዞር ክንፉን ታያለህ፤ ጎንበስ ብትል የወንበሩን እግር ታያለህ። የማታየው የራስህን እጅ ብቻ ነው።

ከመሃላችን እውነተኛው አብራሪ ዶን ኤሊሴዮ ብቻ ነበሩ። አሥራ ሰባት ዓመት በጭነት ዳኮታ ላይ ረዳት አብራሪ ሆነው፣ ሁልጊዜ በቀኝ ወንበር በርረዋል። አርባ ሁለት ዓመት ሲሆናቸው የግራ ዓይናቸው ብርሃን ጠፋና የበረራ ፈቃዳቸው ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ የቀለም መደብር ውስጥ ቀለም ሲበጠብጡ ኖሩ።

«ለአንድ ዓይን ሁለት መስኮት» ይላቸዋል ዊልሜር መነጽሩን ሲያቀብላቸው። «አንዱን ለእኔ አይለቁልኝም?»

«አንተ ሁለቱም እያሉህ አይደል ባለፈው ቅዳሜ ወንዝ ውስጥ ያረፍከው።»

የሚፈልጉት ነገር አንድ ነበር፤ ፑኤርቶ ጋርሴሮ ላይ በገዛ እጃቸው ማረፍ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየማክሰኞው ይሄዱበት የነበረ የጫካ መንደር ነው። ማኮብኮቢያው ከወንዙ ዳር ይጀምርና ሽቅብ ይወጣል፤ መሃሉ ላይ ይጠመዘዛል፤ አጭር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ረዳት አብራሪ መሪ እንዲጨብጥ ድርጅቱ አይፈቅድም ነበር። ሆኖም በአንድ የመጋቢት ማክሰኞ ዋና አብራሪው ካፒቴን ኡባልዶ ሳራቴ ከአውሮፕላኑ ሲወርዱ፣ «የሚቀጥለው ያንተ ነው፤ ለማንም አትንገር» አሏቸው። ፈቃዳቸው የተሰረዘበት የዓይን ምርመራ የዋለው በቀጣዩ ሰኞ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የታጠቁ ሰዎች መጡ፤ መንደርተኛው ተሰደደ፤ ማኮብኮቢያውንም ጫካ በላው።

ፕሮግራሙ ፑኤርቶ ጋርሴሮን አያውቀውም። የጠፉ ማኮብኮቢያዎችን የምትሠራልን ዮርላዲ ናት፤ ሥራዋ የቤት ፕላን መንደፍ ነው። አንድ ሕግ አላት፤ በግምት ድንጋይ እንኳ አታስቀምጥም። ያየ ሰው ይነግራታል፤ ያየውን ብቻ ታስገባለች። ዶን ኤሊሴዮ አራት ወር ሙሉ በተበላሹ የፎቶ ኮፒ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ሲስሉላት ከረሙ። ወንዙን፣ ጥምዙን፣ ሱቁን፣ የነዳጅ በርሜሎቹን ሳሉ። ከጥምዙ በፊት፣ ወደ ወንዙ ቀረብ ብሎ ያለውን ሰማያዊ ቤትም ሳሉ። እዚያ ቤት በር ላይ አንዲት ሴት ቆማ የድስት ክዳን ታወዛውዝላቸው ነበር፤ ስሟን አላወቁም።

«እሷንስ ላስገባት?» አለቻቸው ዮርላዲ።

«ምን ዓይነት ሰው አለሽ?»

«ፕሮግራሙ ያለው ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ የኤርፖርት ሠራተኛ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ተዪው። ቤቱ ይበቃል።»

ሥራው ያለቀ ዕለት ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበው ነበር። ዶን ኤሊሴዮ ሸሚዛቸውን ተኩሰው መጡ፤ መነጽሩን አጠለቁና በግራ፣ በዋና አብራሪው ወንበር ተቀመጡ። ላሞቹ ከማኮብኮቢያው እንዲሸሹ አስቀድመው ዝቅ ብለው አንዴ አለፉ፤ እዚያ አገር እንዲህ ሳያልፍ የሚያርፍ የለም። ላም እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ዊልሜር «እምቧ» አለ። ከዚያ ዞረው መጡ፤ አፍንጫዋን ቀና ሳያደርጉም መሬቱን መቱት። ደገሙት፤ አሁንም መቱት። በሦስተኛው ሳይነኩ ወደ ላይ ወጡና መነጽሩን አወለቁ። ጠርዙ ጉንጫቸው ላይ ቀይ መስመር ትቷል።

«ዮርላዲ፣ በግራ ምንም የለም።»

«ስለ ግራ ምንም አልነገሩኝም እኮ።»

ወረቀቶቹን ወለሉ ላይ ዘረጋናቸው። ሠላሳ ያህል ነበሩ። በሁሉም ላይ ከማኮብኮቢያው በስተቀኝ ያለው መንደር እስከ አጥሩ ተስሏል፤ በስተግራ ያለው ወረቀቱ ራሱ ነው። ዶን ኤሊሴዮ ተንበርክከው አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«ስናርፍ በቀኝ በኩል ላም እጠብቃለሁ፤ የእኔ ሥራ እሱ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «መሬት ላይ የምንቆየው ሃያ ደቂቃ ነው፤ እሱንም ውስጥ በርሜል ስፈታ። ስንነሳ ዓይኔ የፍጥነቱ ጌጅ ላይ ነው። ያንን ወገን አይቼው አላውቅም። መሬቱ ምን ያህል እንደቀረበ የማውቀው በጎኔ ባለው መስኮት ነበር፤ እዚህ ወንበር ላይ ግን ይጠፋብኛል።»

«ዛፍ ልትከልበት?» አለች ዮርላዲ፤ ሕጓን ልትጥስ ስትል ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

«አይሆንም። ካፒቴኑ የሚያርፉበት ምልክት ይኖራቸዋል።»

ካፒቴን ኡባልዶ የሚኖሩት ሬስትሬፖ በምትባል ከተማ ነው፤ በታክሲ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ዶን ኤሊሴዮ ግን ሃያ ዓመት እስኪሞላ ድረስ ደጃቸውን ረግጠው አያውቁም። የቀረባቸውን ተራ ሊጠይቁ የመጡ እንዳይመስልባቸው ይመስለኛል። እሑድ ዕለት ዊልሜር ወሰደን። ካፒቴኑ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በረንዳ ላይ በተንጠለጠለ የመረብ አልጋ ውስጥ ተጋድመው አገኘናቸው።

«ወፍረሃል ኤሊሴዮ።»

«እርስዎ አልተለወጡም።»

«ዓይንህ ነዋ፤ እሱን ብለው አይደል ያባረሩህ። ተቀመጥ።»

ዶን ኤሊሴዮ ስለ መነጽሩ፣ ስለ ባዶው ግራ ነገሯቸው። ካፒቴኑ ከመረቡ ቀና አሉ።

«በግራ ምን እንዳለ እኔ አላውቅም» አሉ። «ሳርፍም ስነሳም የማየው ፊት ለፊቱን ነው። አብራሪ መንደር አያይም።»

«ታዲያ አፍንጫዋን መቼ ቀና እንደሚያደርጉ በምን ያውቁ ነበር?»

«ባንተ ነዋ።»

«በእኔ?»

«ሰማያዊው ቤት በመስኮትህ ሲያልፍ ‹ቤት› ትላለህ። ‹ቤት› ስትል መሪውን እስባለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን አልሳትክም።»

«ብዬ አላውቅም፣ ካፒቴን።»

«ትል ነበር። ካንተ በኋላ የሰጡኝ ልጅ ዝምተኛ ነበር፤ ሁለት ጎማ አፈነዳሁ።»

ልንሄድ ስንል ዶን ኤሊሴዮ ካፒቴኑን ለቅዳሜ ጋበዟቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ካፒቴኑ መጡ። ሁለቱን ኮምፒዩተሮች አገናኝተን አንድ አውሮፕላን ውስጥ አስገባናቸው። ካፒቴኑ በላስቲክ የተጠገነውን መነጽር አጥልቀው በቀኝ ወንበር ተቀመጡ፤ አንገታቸውንም ወዲያና ወዲህ አዞሩ።

«ካንተ ወገን እንዲህ ነው እንዴ የሚታየው?» አሉ።

«እንዲህ ነው። አሁን ላሞቹን ይጠብቁልኝ።»

ዝቅ ብለው አለፉ፤ ዞረው መጡ። ወንዙ ከሥራቸው ሄደ።

«ሱቁ ይኸውና» ይላሉ ካፒቴኑ። «በርሜሎቹ። ይኼ አጥር የማን ነው? እኔ እንኳን—»

«ካፒቴን» አሉ ዶን ኤሊሴዮ።

«ቤት።»

ሳቡ። ጎማዎቹ መሬቱን ነኩ፤ አንዴ ነጠር አለችና ጥምዙን ተከትላ ተንከባለለች፤ ጫፉ ላይ ቆመች።

«ዘገዩ» አሉ ዶን ኤሊሴዮ።

«መንደሩን እያየሁ።»

ዮርላዲ ቀስ ብላ፣ «ግራውን ምን ላድርገው?» አለች። ዶን ኤሊሴዮ ራሳቸውን ወደ ግራ አዙረው ባዶውን ሣር ተመለከቱ።

«ተዪው» አሉ። «ያላየነው ነው።»

ከዚያ አውሮፕላኗን አዞሩና ቁልቁል ወደ ወንዙ ለመነሳት ጋዝ ሰጡ። ካፒቴኑ እንደ ረዳት ወግ ዓይናቸውን ጌጁ ላይ ተክለው ፍጥነቱን ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። መንደሩ አሁን በዶን ኤሊሴዮ በኩል ነው፤ የሚነሳ ሰው ግን ፊት ለፊቱን ማየት አለበት። እሳቸው በመነጽሩ የሚያዩትን እኛም በኮምፒዩተሩ ላይ እናያለን። ምስሉ ለአንድ አፍታ ወደ ግራ ዞረ፤ ሰማያዊ ነገር አለፈ፤ ከዚያ ወንዙ መጣ።