በግራ የዋለው እጀታ

ባለቤቴ በቴክኒክ ኮሌጁ የብረት ሥራ ያስተምር ነበር፤ እኔ በዚያው ግቢ ንድፍ። ተማሪዎቹ ብረት ከመንካታቸው በፊት ዕቃውን በደረቅ የማሽላ አገዳ እንዲሠሩት ያዝዛቸው ነበር። አገዳ በምላጭ ይቆረጣል፣ በክር ይታሰራል፣ ካላማረ ይጣላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ለአገዳ የሚሳሳ ሰው የለም።

ኮርሱ ሳያልቅ ሞተ። ክፍሉን እኔ ተረከብኩ። የተጀመረው ሥራ የማሾ ማበጠሪያ ነበር፤ እጀታው ሲዞር ገለባውን በፊት ለፊት የሚያበርር። ንድፍ አልነበረውም፤ ንድፉን ሁልጊዜ የማነሳለት እኔ ነበርኩ። የቀረው በገዛ እጁ በአገዳ የሠራው ናሙና ብቻ ነው፤ እሱም ቤት ቁም ሣጥኑ ላይ ነበር። ወደ ኮሌጁ ይዤው የሄድኩ ዕለት ቦታው ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቀረ። ለብዙ ቀን አልወለወልኩትም።

ተማሪዎቹ ለኩ፣ እኔ ሣልኩ። ያን ሰሞን ቁጥር ውስጥ መዋል ይቀለኝ ነበር።

የብረቱ ሥራ ሲያልቅ ከቀወት ገጠር ማሾ የሚዘሩ አንዲት ሴት ጠራን። ዕቃ የሚፈተነው በሚሠራበት ሰው እጅ ነው፣ በአስተማሪ አይደለም ይል ነበር ባለቤቴ። ሴትየዋ ከኋላ ቆመው ማሾውን ጨመሩ፤ እጀታው በግራቸው ዋለ። ቀኝ እጃቸውን በደረታቸው አሻግረው እጀታውን ሊያዞሩ ቢሞክሩ ወገባቸው ተጣመመ። ዞረው ከፊት ሲቆሙ ደግሞ እጀታው በቀኛቸው ሆነ፤ ገለባው ግን ፊታቸውን ሞላው። በሻሻቸው ጫፍ ጠራርገው፣

«ይሄ የሚያበጥረው ማሾውን ነው እኔን?» አሉ።

ተማሪዎቹ አልሳቁም። አንዷ አንገቷን ደፍታ፣ እጀታው በግራ መሆኑን ከመጀመሪያው እንዳዩት ነገረችኝ። «መምህራችን የሠሩትን ማን ይነካል ብለን ነው፣ ቲቸር።»

ባለቤቴ ግራኝ ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ስንሠራ ክርናችን እንዳይጋጭ በግራዬ ይቀመጥ ነበር። ዛሬም ወንበሬን ወደ ቀኝ ጠርዝ አስጠግቼ ነው የምቀመጠው። ያን እጀታ ስስለው እንግዳ ያልሆነብኝ ለዚህ ነው። የእሱ እጅ የሚውልበት ቦታ ነበር።

ለሴትየዋ ይህንንና መሞቱን ነገርኳቸው። «አላህ ያጽናሽ» አሉኝና በግራ እጃቸው ማዞር ጀመሩ፤ እየተደናቀፉ። «ተይው ልጄ፣ እለምደዋለሁ።»

እጀታው ባለበት እንዲተውልኝ በጣም ፈልጌ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ብል ተማሪዎቹም ደስ ይላቸው ነበር። ሴትየዋ ግን ሙሉ የማሾ ምርታቸውን በዚያ እጅ ሊያዞሩ ነው። ባለቤቴ ቢያይ ናሙናውን ራሱ ሰባብሮ ይጥለው ነበር።

«ይቆረጥና በቀኝ ይበየድ» አልኩ።

መጋዙን ራሴ ያዝኩት፤ ተማሪዎቹ ለመቁረጥ እንዳያፍሩ ብዬ። ብረቱ ሲወድቅ ትኩስ ነበር። በቀኝ ከተበየደ በኋላ ሴትየዋ ቀጥ ብለው ቆመው አዞሩ፤ ማሾው ንጹሕ ሆኖ ወረደ፣ ገለባው ወደ ግቢው በር በረረ። ከዚያ ተማሪዎቹን ሸኘሁና በግራ በኩል የቀረውን ስለታም ጫፍ ቀሚስ እንዳይቀድ ሞረድኩት። ልስልስ እስኪል ድረስ፤ ከዚያም በኋላ ትንሽ ቆየሁ።